ካምቢዮው የጠየቀውን ዘይት በርካሽ ማግኘት

ጥያቄ፦ የቶዮታዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ ዘንግ እጀታ ላይ «ቲ-ፎር» ይላል። የአምራቹ ዘይት ዋጋ ከበደኝ። «ቀይ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ያው ነው፣ ዴክስሮን 3 አድርግበት» የሚሉኝ አሉ። «ለሁሉም መኪና» የሚል ዘይትም አይቻለሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። ዘይቱ ቀይ የሚደረገው ከሞተር ዘይት እንዲለይና ሲያፈስ ቶሎ እንዲታይ ነው፤ ስለ ጠባዩ ምንም አይናገርም። ገንዘብ የሚቆጥቡት የዘይቱን አምራች በመቀየር እንጂ ደረጃውን በመቀየር አይደለም። ጠርሙሱን ያዙሩና ጀርባውን ያንብቡ። «ቲ-ፎር» (T-IV) ወይም የዚሁ ደረጃ ሌላ መጠሪያ የሆነውን «ጄደብሊውኤስ 3309» (JWS 3309) የሚል ከታወቀ ዘይት አምራች ካገኙ፣ ርካሽም ቢሆን ይግዙት።

ዴክስሮን 3 ውፍረቱ ከቲ-ፎር ብዙም አይርቅም፤ ችግሩ የሰበቃ ጠባዩ ነው። የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ለስለስ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርገው በዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው። ቅመሙ ካልገጠመ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ነዳጁን በስሱ ረግጠው ሲሄዱ፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ እንዳለ ይርገፈገፋል። በዚያ ላይ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ወዲህ የደረጃው ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ ስለማይሰጥ፣ ዛሬ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈውን ይህን ስም የሚቆጣጠረው የለም።

«ለሁሉም» የሚለውን ዘይት ግን በጅምላ አይናቁት። አንዳንዱ ቲ-ፎርንም አዲሱን የቶዮታ ደረጃ ደብሊውኤስንም (WS) በአንድነት ይዘረዝራል። ቲ-ፎር በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ወደ 7 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው፤ ደብሊውኤስ ወደ 5.5። አንድ ዘይት ሁለቱንም መሆን ስለማይችል የቴክኒክ መግለጫውን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ 7 አካባቢ ከሆነ ለእርስዎ ይሆናል፣ ወደ 5.5 ከወረደ ይለፉት።

ሲቀይሩ ሁሉም ዘይት እንደማይወጣ ይወቁ፤ ብዙው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ካምቢዮው በጠቅላላው 8 ሊትር ይዞ 3 ቢፈስስ፣ አዲሱ ዘይት 37 በመቶ ገደማ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ሲደግሙት 61፣ ሲሠልሱት 76 በመቶ ይደርሳል። ወጪውም ይከፋፈልልዎታል። የፈሰሰውን በመስፈሪያ ለክተው ያንኑ ያህል ይጨምሩ። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬን ረግጠው ማርሹን በየቦታው አዙረው ወደ «ፒ» ይመልሱ። ዘንጉን ጠርገው መልሰው ያስገቡና በ«ሆት» ምልክቶች መካከል መሆኑን ያረጋግጡ። ከልክ ሲያልፍ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ግፊት አይሸከምም፣ ማርሹ ይንሸራተታል። ሲያንስም ፓምፑ አየር ስቦ ወደዚያው ያደርሳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ካምቢዮ ሲቪቲ (CVT፣ የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ነው። ይኸው ዘይት ይሆነዋል?

መልስ፦ በፍጹም። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ የብረት ፑሊ ነክሶ ይሠራል፤ የተራው አውቶማቲክ ዘይት ለዚያ አልተሠራም። ቀበቶው ከተንሸራተተ ፑሊውን ይቧጭረዋል፣ ጭረቱን ደግሞ የትኛውም ዘይት አይመልሰውም። አምራቹ ለሲቪቲው ያዘዘውን ደረጃ በስሙ የሚጠቅስ የሲቪቲ ዘይት ይፈልጉ። በስህተት ሌላ ከተጨመረበት ሞተሩን አያስነሱ፤ መጀመሪያ ያስፈስሱት።