ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት

ልጆቼ፣ እኔ ጠበቃ ነኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ነው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ሕግ ሳይሆን ስልክ ስለሚያቋርጠው ወግና ጨዋታ ነው።

ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ዋናውን ጉዳይ ወዲያው አይነግረኝም። ስለ ቤቱ ካርታ፣ ስለ መኪናው ሊብሬ፣ ስለ አማቱ ያወራል። ከዚያ ዝም ይላል። ጣቶቹን ያያል፣ በመስኮት ያያል። የልቡ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ዝምታ መሃል ስልኬን ካነሳሁ ወሬው ወደ ሊብሬው ይመለሳል።

እኛ አበሾች ዙሪያውን ሳንዞር ቁም ነገር ውስጥ አንገባም። በአቦል ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ የልብ ወሬ የሚመጣው በቶና፣ አንዳንዴም በበረካ ነው። ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙም ያው ነው። ወሬው ቀዝቀዝ ሲል ይጨንቃችኋል፤ ቲክቶክ ትከፍታላችሁ። ጓደኛችሁ ግን "እናቴ ታማለች" ልትላችሁ ነበር። ስልኩን ስታይ "ሂሳብ እንክፈል" ብላ ትነሳለች።

በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስወሩ። ከፊሎቹ አጠገብ ስልክ፣ ከሌሎቹ አጠገብ ማስታወሻ ደብተር አስቀመጡ። ተራ ወሬ ላይ ልዩነት አልታየም። ቁም ነገር ሲነሳ ግን ስልክ ያለባቸው እርስ በርስ ብዙም አልተማመኑም። ሌሎች ሲደግሙት ሁልጊዜ ያንኑ አላገኙም። ቢሮዬ ውስጥ ከማየው ጋር ስለሚገጥም እኔ ለመጀመሪያዎቹ አደላለሁ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በስምምነት ሊፋቱ ለመጡ ጥንዶች ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በዚያ መሃል ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ገና ከመጀመራቸው "ስልካችሁን አጥፉ" ይላሉ። ባልና ሚስቱ ሳይቋረጡ ካወሩ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ እንጃ። አቤቱታው ላይ "ስልክ" የሚል ቃል አታገኙም። "አይሰማኝም" የሚለው ግን ሞልቷል።

ስልክ አትያዙ አልልም። የራይድ ሹፌር ስልኩን አጥፍቶ ምን ይበላል? ጥሪ የምትጠብቁ ከሆነ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ። "ይቅርታ፣ ከሥራ ይደወልልኛል" ያለን ሰው ማንም አይቀየመውም። አለዚያ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ በነዘረ ቁጥር የሁለታችሁም ዓይን እዚያው ነው።

ጓደኛ ወሬ መሃል ስልኩን ሲያይባችሁ ቂም አትያዙ። ወሬያችሁን አቁሙና "ጨርስ፣ እጠብቅሃለሁ" በሉት። አብዛኛው ሰው ደንገጥ ብሎ ያስቀምጠዋል። የሚከብደው አባት ዩቲዩብ ላይ ዜና ሲያይ ነው፤ በዚህ እኛ ትልልቆቹ ብሰናል። አባት "ጨርስ" አይባልም። "አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ፤ መቼ ይመችሃል?" በሉት። ልጁ ቀጠሮ ስትጠይቀው "ምን ሆነሻል?" ብሎ ዜናውን ይዘጋዋል።