ሳይክል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ በግሌ ነው የምሠራው፣ ገቢዬን ታክሲና ራይድ ጨረሰው፣ ሳይክል ብገዛ ደንበኞቼ ይንቁኛል ወይ፣ አዲስ አበባ ላይስ ለሴት ይሆናል ወይ ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ሄልሜት አትርሺ» ብለው ሄዱ። የቀሩት «አብደሻል እንዴ» አሉሽ። እኔ ያንቺኑ ሥራ ነው የምሠራው፤ አርማ፣ ማሸጊያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን። ክረምት ከበጋ በሳይክል ነው የምንቀሳቀሰው። የት ሰፈር እንደሆንሽ አልጻፍሽም፤ እንደኔ ገርጂ አካባቢ ነሽ ብዬ ልያዘው።

1ኛ፦ ሳይክሉን ከመግዛትሽ በፊት የት እንደምታቆሚው አስቢ። ቤትሽን አይደለም የምልሽ፣ ደንበኛሽ ጋ። ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱና ስለ መኪናው ያወራል። እኔን አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ፓርኪንግ ነው።

ማሸጊያ የሠራሁለት አንድ ድርጅት አለ። ስሙ ይቅር። ቢሮው መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ ውስጥ ነው። ሥራውን አስረክቤ፣ ደረሰኝ ቆርጬ፣ ቼኬን ልወስድ ሄድኩ። ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«ሳይክል አይገባም።»

«ምድር ቤት ፓርኪንግ አላችሁ አይደል?»

«ለመኪና ነው።»

ይሄን ሲለኝ አንድ ሞተር በጎኔ አልፎ ገባ። እሱስ አልኩት። «እሱ ታርጋ አለው» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለምኜው ወደ ታች ወረድኩና ትኬት ቆራጩን አናገርኩት። ልጁ ጨዋ ነው። ጥራዙን ከፍቶ አሳየኝ። ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥር። ከሥር ሰማያዊ ካርቦን አለ። ጣቱን የሰሌዳው መስመር ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ምን ልጻፍ? ባዶ ከተውኩት ማታ ሒሳብ ሳስረክብ ጣጣ ነው» አለኝ። «አረንጓዴ ሳይክል» ብለህ ጻፍ አልኩት። ሳቀ፣ ግን አልጻፈም። አስተዳደር ከፈቀደ ምንም ችግር የለብኝም ብሎ ሳይክሉን ያዘልኝ።

አስተዳደር የምትባለዋ ሴትዮ ከስልኳ ቀና አላለችም። «ማመልከቻ አምጪ።» ለአንድ ሰዓት እኮ ነው አልኳት። «ተከራይ ነሽ?» አይደለሁም። «እንግዲያው ማመልከቻውን የሚጽፈው ተከራዩ ነው። በማኅተም።» ገባሽ? ቼኬን ለመውሰድ ቼኬን የሚሰጠኝ ድርጅት ለሳይክሌ በማኅተም መጻፍ አለበት። በሩን ዝጊው ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ውጭ ካለ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት። ከጥበቃው ወንበር አስር እርምጃ አይሞላም። ላይ ስወጣ የታወቀው ነገር፦ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቁጭ በይ። እስከ ምሳ ሰዓት ተጎለትኩ። ቼኩን ይዤ ስወርድ ሳይክሉ አለ፣ ኮርቻው የለም። ጥበቃውን ጠየቅኩት። «አላየሁም» አለ። ሳይክሌ እንዳይገባ ያየኝ ግን ከሩቅ ነበር።

እስከ ገርጂ ቆሜ ነዳሁ። ሞክሪውና ጉልበትሽ ይነግርሻል። ከዚያ ቼክ የወጣው የመጀመሪያ ወጪ የኮርቻ ሆነ።

ስለዚህ ሳይክሉን በገዛሽበት ቀን፣ ሌላ ነገር ሳታደርጊ፣ በእጅ የሚፈታውን የኮርቻ ማጥበቂያ አስወጥተሽ በቁልፍ ብቻ የሚፈታ ቡሎን አስገቢበት። የፊት ጎማውንም እንደዚያው። ማንም ሳይክል ጠጋኝ ይሠራልሻል። አሁን አዲስ ደንበኛ ሲደውልልኝ ስለ ሥራው ካወራን በኋላ «ሳይክል ማቆሚያ አላችሁ?» እላለሁ። አብዛኛው «ለማን?» ይላል። ለኔ ስለው ዝም ይላል። ከዚያ ጥሩው ሰውዬ ጠይቆ ይደውልልኛል፣ ደረጃ ሥርም ቢሆን ቦታ ይፈልግልኛል። እንደዚያ የሚደውል ሰው ክፍያም ላይ አያጉላላም፤ እስካሁን አላሳፈረኝም።

2ኛ፦ ይንቁኛል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዱ ይንቅሻል። አንዱ ፕሮፎርማዬን አገላብጦ «አንቺ ነዳጅ የለብሽ፣ ትንሽ ቀንሺልን እንጂ» ብሎኛል። እየቀለደ አልነበረም። አርማ በነዳጅ አይሠራም አልኩት። አንድ ብር አልቀነስኩም፣ ሥራውንም ሰጠኝ። አንቺም እንዳትቀንሺ።

ላቡ ግን የራስሽ ጉዳይ ነው። ይሄ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ሳንባሽ ይጠይቅሻል። ከመስቀል አደባባይ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ ያለው ዳገት ቀስ እያለ ነው የሚጨርስሽ። ቸርችል ጎዳና ደግሞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትጠጊ ነው ጉዱ። እኔ ፒያሳ ቀጠሮ ሲኖረኝ ቀደም ብዬ እደርሳለሁ። ካፌ እገባለሁ፣ ማኪያቶ አዝዤ መታጠቢያ ቤት ሄጄ ሸሚዝ እቀይራለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ። ስብሰባው ላይ በሳይክል መምጣቴን የሚያውቀው ሄልሜቱን ያየ ብቻ ነው። ደግነቱ ስትመለሺ ቁልቁለት ነው።

ደግሞ የሚንቁሽ ሰዎች የሚያመሰግኑሽ ቀን አለ። አንድ ሐምሌ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ልናሳትም ነው። ማተሚያ ቤቱ ደውሎ «ቀዩ ትንሽ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ግን ልንቀጥል ነው፣ ማሽኑ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል» አለ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መገናኛ ተቆላልፏል። ደንበኛዬ ወደ ማተሚያ ቤቱ በመኪናው ወጥቷል። ወረቀቱንና የቀለም ናሙናዬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። ስደርስ ጨቅይቼ ነበር፤ የማሽኑ ኦፕሬተር አይቶኝ ወንበር አምጡላት አለ። የታተመውን ከናሙናው ጎን አስቀምጠን አየነው። ጠላ ነበር የሚመስለው። ቀለሙን አስተካክሎ እንደገና አወጣ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ደንበኛዬ ደወለ። ገና መገናኛ ነበር።

3ኛ፦ መንገድ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል፣ ይሄን መካድ አልችልም። ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ የሳይክል መስመር አለ። በፊት ለቡ እና ጀሞ ሰፈሮች አካባቢ ካለችው ቁራጭ መስመር ሌላ የረባ ነገር አልነበረም። ችግሩ መስመሩ ላይ ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ልጅ ይራመዳል፣ ሙሽራም አይቻለሁ። ደወል ግዢ። ተቆጥተሽም አትጩኺ፣ እነሱም ቢሆኑ የሚራመዱበት ቦታ ገና ማግኘታቸው ነው።

መስመሩ ሲያልቅብሽ ግን ከሚኒባሱ ጋር ነሽ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከሄልሜትም በላይ ያተረፈኝ እሱ ነው። ጆሮሽ ላይ ምንም አትሰኪ። ከሚኒባሱ ኋላ ስትሆኚ መስኮቱ ክፍት ነውና «ወራጅ አለ!» የምትለዋን ትሰሚያለሽ። ያን ጊዜ ፍሬን ያዢ። ሹፌሩ መስታወት አያይም፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ አንቺ ደግሞ በቀኙ ነሽ። ካልሰማሽም የወያላውን እጅ እዪ፤ በሩን ሊከፍት መያዣውን ሲጨብጥ ይታያል። በክረምት ደግሞ ውኃ የተኛበት ላይ አትግቢ። ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ከሥር ይኖራል።

ቁጥሩ ስንተኛ እንደደረሰ ጠፋኝ፤ የሴትነቱ ነገር ቀርቶኛል። ለከፋው አለ። «እህት ልግፋልሽ»፣ «ቀስ ትወድቂያለሽ» የማይል ጎረምሳ የለም። አክስቴ እስከ ዛሬ ልጅ አትወልጂም ትለኛለች። ባህር ዳር ሂጂና እዪ፤ ሴቱ ቀሚስ ለብሶ፣ ዘንቢል አንጠልጥሎ በሳይክል ገበያ ይሄዳል፣ ዞሮ የሚያይም የለም። እዚህ ሴት ስላልበዛ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። መጀመሪያ እሁድ ጠዋት «መንገድ ለሰው» ሲኖር ወጥተሽ ተለማመጂ። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው፣ ሕፃናትና ሴቶች ይበዛሉ፣ እጅሽ ይፈታል።

ላፕቶፑን የኋላ መጫኛ ላይ አትሰሪ። ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ የሚተርፍ ዕቃ የለም። ጀርባሽ ላይ ይሁን፣ ሰውነትሽ ንዝረቱን ይቀበልለታል። ኤ3 ናሙና ከሆነ አርክቴክቶች ፕላን የሚይዙበት ፕላስቲክ ቱቦ አለ፣ እሱን በጀርባሽ አግድመሽ ያዢ። ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ደግሞ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፤ ነጭ ሸሚዝሽን ጀርባው ላይ ጭቃ ሲሠራበት ታዪዋለሽ።

ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይ ላልሽው፦ ለዳገቱ ይሻላል። ግን ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ከሆንሽ ሊፍት የለም፣ ያን ሁሉ ክብደት በየማታው ተሸክመሽ ነው የምትወጪው። ታች ካሰርሽው ደግሞ የኔን ኮርቻ አስታውሺ። ለጊዜው ማርሹ ቀላል የሚሆን፣ ለዳገት ከፊት አነስ ያለ ጥርስ ያለው ተራ ማውንቴን ሳይክል ይበቃሻል። መርካቶ ስትሄጂ ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዋጋውን ግን እኔ ነኝ የማወራው፤ አንቺ ሳይክሉን እንደወደድሽው ፊትሽ ላይ እንዳይታይ።