ያረጀ የባሕር ላይ ተርባይን ወዴት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ ከ«ኤስቢዬርጉ» ጋር

አስተባባሪ፦ በዴንማርክ ኤስቢዬርግ ወደብ ላይ የባሕር ነፋስ ተርባይኖችን በመጠገንና በመንቀል የሚሠራው አባላችን ዛሬ ማታ ጥያቄ ይቀበላል። ርእሱ ሰርኩላር ኢኮኖሚ፣ ማለትም ዕቃን ከመጣል ይልቅ ደጋግሞ መጠቀም ነው፤ ተርባይኑ ሲያረጅ ምኑ ይጠገናል፣ ምኑ መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፣ ምኑስ ይጣላል? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለሜትሩ፦ እስካሁን ከባሕር ሙሉ በሙሉ የተነቀለ ጣቢያ አለ ወይስ ሁሉም የወደፊት ዕቅድ ነው?

ኤስቢዬርጉ፦ አለ እንጂ። ቪንደቢን ውሰድ። በ1991 ከዴንማርኳ ሎላንድ ደሴት አጠገብ የተተከለ፣ በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ነው። እያንዳንዳቸው 450 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው አምስት ሜጋ ዋት አይሞሉም። ዛሬ የሚተከል አንድ ተርባይን ብቻውን ከእጥፍ በላይ ይሰጣል። በ2017 ተነቀለ። ክንፉ፣ የማሽን ቤቱና ማማው በክሬን ወረዱ፤ የኮንክሪት መሠረቶቹ እዚያው ባሕር ውስጥ ተሰባብረው ተለቀሙ። ከዕቃው ከፊሉ ለሌሎች ተርባይኖች መለዋወጫ ሆነ፣ ከፊሉ ወደ ሙዚየም ገባ። ከክንፎቹ መካከል ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የተሰጡ አሉ፤ የድምፅ መከላከያ ግድግዳ የተሠራባቸውም አሉ።

ብየዳ ወዳጅ፦ ብረቱስ ይቀልጣል። ክንፉን ማቅለጥ ለምን አቃታቸው?

ኤስቢዬርጉ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ክንፉ የፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ጨርቅ ኤፖክሲ በሚባል ሬዚን፣ ማለትም በሙጫ፣ ተነክሮ የደረቀ ነው። መሐሉ ላይ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨትና ፎም አለበት። ኤፖክሲ አንዴ ከደረቀ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ ብታሞቀው ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። ስለዚህ መስታወቱን፣ ሬዚኑንና እንጨቱን መለየት ከባድ ነው።

አሁን በብዛት የሚሠራበት መንገድ ክንፉን ፈጭቶ ለሲሚንቶ ፋብሪካ መስጠት ነው። በሰሜን ጀርመን ላገርዶርፍ የሚገኘው ፋብሪካ ለዚህ ይታወቃል። ሬዚኑ በእቶኑ ውስጥ ነዳጅ ይሆናል፣ መስታወቱ አሸዋ ይተካል። ከመቅበር ይሻላል፤ ግን ያ ሁሉ የተለፋበት ረጅም የመስታወት ክር አመድና ሲሚንቶ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ለሌላ ክንፍ አይመለስም።

ተርባይን አምራቹ ሲመንስ ጋሜሳ በ2021 ሬዚኑ በቀላል አሲድ የሚሟሟ ክንፍ አስተዋወቀ። በ2022 በጀርመን ባሕር ላይ ባለው ካስካሲ የነፋስ ጣቢያ ተተከለ፤ በእንግሊዝ ሶፊያ ጣቢያም ከ300 ክንፎች 132ቱ የዚህ ዓይነት ናቸው። ደስ ይላል። ነገር ግን እነዚህ ክንፎች የሚወርዱት በ2040ዎቹ ነው። ያኔ የአሲዱ ገንዳ የት ይሆናል? ማን ይከፍላል? ይህን ሳትጠይቁ ማስታወቂያ አታጋሩ። አሁን በባሕር ላይ ለቆሙት ለአሮጌዎቹ የሚጠቅመው ሌላው አምራች ቬስታስ በ2023 ይፋ ያደረገው፣ የደረቀ ኤፖክሲን በኬሚካል የሚበትነው ዘዴ ነው። እሱም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በፋብሪካ መጠን መሥራቱን ማሳየት አለበት።

የመርካቶው፦ ምናለሽ ተራ ቢወርድ እኮ በሳምንት ውስጥ ክንፉ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የዶሮ ቤትና የውሃ ገንዳ ሆኖ ያልቅ ነበር!

ብየዳ ወዳጅ፦ እውነቱን ነው። በመፍጫ ብንቆርጠው ለጣሪያ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ኤስቢዬርጉ፦ የክንፍ ብናኝ የመስታወት ብናኝ ነው! ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቆስላል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በደረቁ አትቁረጡ፤ ውሃ፣ ጭምብልና ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ራሱ ግን መጥፎ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ ኮርክ አካባቢ ያረጁ ክንፎች የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ተሸካሚ ሆነዋል፤ ሮተርዳም ደግሞ የልጆች መጫወቻ ተሠርቶባቸዋል።

የመርካቶው፦ በቆርቆሮ ፋንታ ድልድይ! ወረዳው ይፈቅድልን ይሆን?

ባለሜትሩ፦ ወረዳ መታወቂያ እንኳ በጊዜው አይሰጥም፣ ድልድይ ትላለህ።

አስተባባሪ፦ ወደ ርእሱ ተመለሱ።

እመ ሳራ፦ የኔ ልጅ፣ ከ85 እስከ 90 በመቶው መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ኤስቢዬርጉ፦ እማማ፣ ቁጥሩ በክብደት ነው። ከባዱ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ገዢ አያጣም። ችግሩ ያለው በቀሪው ላይ ነው። በተጨማሪም ወደ ባሕር ወለል የተመታው የተርባይኑ የመሠረት ቱቦ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆረጥና የታችኛው ክፍል እዚያው ይቀራል፤ ያ ብረት ወደ ማቅለጫ አይሄድም። መቶኛ ሲነግሩዎት «በክብደት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

እንግዳው፦ ዴንማርክ ለመምጣት ምን ዓይነት ሰርተፍኬት ያስፈልጋል? ደመወዙስ?

ኤስቢዬርጉ፦ የዛሬ ርእስ አይደለም።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ስለ ማግኔቶቹስ?

ኤስቢዬርጉ፦ ማርሽ ሳጥን የሌላቸው ትልልቆቹ ጄኔሬተሮች በአንድ ሜጋ ዋት እስከ 600 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ማግኔት ይይዛሉ፤ በውስጡ ኒዮዲሚየምና ጥቂት ዲስፕሮሲየም የሚባሉ ብረቶች አሉ። ማጣሪያው በአብዛኛው ቻይና ነው፤ በሚያዝያ 2025 ቻይና ዲስፕሮሲየም ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስታደርግ አውሮፓ ደነገጠ። ባሕር ላይ የቆመው ተርባይን የማዕድን ክምችት መሆኑን ያን ጊዜ ብዙዎች አስተዋሉ። የምመክርህ ይህን እንድታጠና ነው፤ ክንፍ የሚያጠና በዝቷል።

የአዳማው፦ እኛ ባሕር የለንም። ይህ ሁሉ ምን ያገባናል?

ባለሜትሩ፦ አሰብ ቢኖረን ኖሮ...

የመርካቶው፦ አሁን ደግሞ ወደብ ሊጀምሩ ነው።

አስተባባሪ፦ የወደብ ጉዳይ ዛሬ አይነሣም።

ኤስቢዬርጉ፦ አዳማ ሆነህ ነው የምትጠይቀኝ? በ2012 የተመረቀው አዳማ አንድ 34፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የተከተለው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው። ክንፎቹ ያው ፋይበርግላስ ናቸው። ተርባይን ሲነደፍ የሚሰጠው ዕድሜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ነውና አስላው። ከ400 በላይ ክንፍ ነው። ከወዲሁ ሊያዝ የሚገባው ሰነድ ነው፤ የሬዚኑ ዓይነት፣ የክንፉ ውስጣዊ ንድፍ፣ የተጠገነበት ቦታ። ሰነድ የሌለውን ክንፍ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አይነካውም።

ተማሪው፦ ታዲያ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ የቱ ነው?

ኤስቢዬርጉ፦ አለመንቀል! ሰው ሁሉ ስለ ማቅለጥና መፍጨት ያወራል፤ የመጀመሪያው ዙር ግን ጥገና ነው። የክንፉ ጫፍ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ በዚያ ፍጥነት የዝናብ ጠብታ የፊት ጠርዙን ይልጠዋል። በመጀመሪያ ቀለሙ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ፋይበሩ እንደ ተገመሰ ገመድ ይከፈታል። በገመድ የተንጠለጠለ ቴክኒሻን ጠርዙን አሽቶ፣ ሞልቶ፣ ቀብቶ ይወርዳል፤ ያውም እርጥበቱና ብርዱ ከፈቀዱ። በጊዜው ከተደረገ ክንፉ ዓመታት ይጨምራል። ከኮፐንሃገን ፊት ለፊት የቆመው ሚድልግሩንደን ከ2000 ጀምሮ 20 ተርባይኖቹ ይዞራሉ፤ ግማሹ የነዋሪዎች ማኅበር ንብረት ነው፤ የሥራ ፈቃዱም ተራዝሟል።

እንግዳው፦ ባጭሩ ግን ነፋስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ኤስቢዬርጉ፦ የምኑ? የት? ለማን? ከላይ ያለውን አንብብ።

ብየዳ ወዳጅ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ማብሪያዎቹ ውስጥ ያለው ጋዝስ?

ኤስቢዬርጉ፦ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ አየር ያሞቃል። የማብሪያው ሳጥን ከመነካቱ በፊት ጋዙ በፓምፕ ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይመዘገባል። የተመዘነው ከሳጥኑ መለያ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ካነሰ ሥራው ይቆማል፤ ፍሳሹ የት እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም ብሎን አይፈታም።