ከሰል ማውጫ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በከርሰ ምድር የድንጋይ ከሰል ማውጫ ለዓመታት ፓምፕ ላይ ሠርቻለሁ። ስለ ውሃ የጠየቃችሁኝን የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የሚያስፈራው ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ነው?

አይደለም። የሚንጠባጠበውማ የየቀን ሥራችን ነው። ይለካል፣ ይሳባል፣ ይወጣል። የሚያስፈራው የተኛ ውሃ ነው። አጠገባችን ያለ አሮጌ ማውጫ ሲዘጋ ፓምፑም ይቆማል። ከዚያ ቀስ እያለ ይሞላል። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግርጌው ላይ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ግድግዳ በ30 ቶን ያህል ኃይል ይገፋል። እኛ ደግሞ ከዚህ በኩል ግድግዳውን እያሳሳነው እንሄዳለን።

እዚያው ፔንሲልቫኒያ፣ ኩዊክሪክ የከሰል ማውጫ ላይ ምን ተፈጠረ?

ጁላይ 24 ቀን 2002 (እ.ኤ.አ.) ማታ ቆፋሪዎቹ ሳያውቁ ግድግዳውን በሱት። ከጀርባው ሳክስማን የሚባል የተዘጋ ማውጫ ነበር፣ በውሃ የተሞላ። ወዲያው ለሌላው ቡድን በስልክ አስጠነቀቁ። በዚያ ጥሪ ዘጠኝ ሰዎች አመለጡ። የደወሉት ዘጠኙ ግን 73 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ታገቱ። ከላይ ጠባብ ጉድጓድ ተሰርስሮ የታመቀ አየር ተላከላቸው። ፓምፖች ውሃውን እየሳቡ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከ77 ሰዓት ገደማ በኋላ ዘጠኙም ሰው በሚይዝ የብረት ካፕሱል አንድ በአንድ ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን!

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ካርታው ነው። በእጃቸው የነበረው ካርታ አሮጌው ማውጫ 300 ጫማ (90 ሜትር ገደማ) ያህል እንደሚርቅ ያሳይ ነበር። የመጨረሻው ካርታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተቆፈረው አልተሣለበትም።

ታዲያ ሕጉ አስቀድሞ መሰርሰርን አያስገድድም?

ያስገድዳል። የዚያው ማውጫ አሮጌ ክፍል ከሆነና ልኬቱ በተመዘገበ መሐንዲስ ከተረጋገጠ ከ50 ጫማ ጀምሮ ነው። ካልተረጋገጠ ወይም ሌላ ማውጫ ከሆነ ከ200 ጫማ ጀምሮ። የሚሰረሰረው ቀዳዳ ከቁፋሮው ፊት ቢያንስ 20 ጫማ መቅደም አለበት። ግን ልብ በሉ፣ ርቀቱ የሚለካው ከካርታው ነው። ካርታው 300 ካለ ሕጉ ገና አልጀመረም። እኔ ስለዚህ ነው አሮጌ ካርታ ሲሰጠኝ የማላምነው። ጥርጣሬ ካለ ሰርስሩ። የአንድ ፈረቃ ሥራ ቢጓተት ይጓተት።

የሚገባውን ውሃ በምን ትለካላችሁ?

ቀላሉ በርሜልና ሰዓት ነው። 200 ሊትር በርሜል በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር ነው፣ በቀን 432 ሜትር ኩብ። በየፈረቃው ጻፉት። ዝናብ ሳይኖር ቁጥሩ ከጨመረ፣ ወይም ጥርት ያለው ውሃ ከደፈረሰ፣ ሥራ አቁሙና አለቃ ጥሩ። መጠባበቂያ ፓምፕም ይኑራችሁ። አንድ ፓምፕ ብቻ ይዞ መሥራት አይገባኝም።

ወንዝ ሥር መቆፈርስ?

ጃንዋሪ 22 ቀን 1959 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ፔንሲልቫኒያ፣ ፒትስተን ከተማ አጠገብ የሰስኩዌሃና ወንዝ ጣሪያውን ሰብሮ ኖክስ ማውጫ ውስጥ ገባ። 12 ሰው ሞተ። ከወንዙ በታች 35 ጫማ አለት መተው ነበረበት። በተሰበረው ቦታ የቀረው 6 ጫማ እንኳ አይሞላም ነበር። ውሃው ወደ ማውጫው ሲገባ የፈጠረውን አዙሪት ለመድፈን የባቡር ፉርጎዎችን ጭምር ወንዙ ውስጥ ከተቱ።

የወጣውን ውሃ ዝም ብለን ወንዝ ውስጥ ብንለቀውስ?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከሰል ውስጥ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ። ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፣ ብረትም ይሟሟል። ወንዙ ብርቱካናማ ሆኖ ዓሣው የሚያልቀው በዚህ ነው። ስለዚህ በኖራ ይታከማል፣ ይዘቅጣል፣ ይመረመራል። የፌዴራሉ ደንብ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 9 እንዲሆን ይጠይቃል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል የራሳችሁን ፈቃድ አንብቡ።

ማውጫ ሲዘጋ ካርታው የት ይሄዳል?

አሁን ባለው ሕግ ድርጅቱ ማውጫውን በዘጋ በ60 ቀን ውስጥ እስከ መጨረሻው ቀን የተስተካከለ ካርታ ለመንግሥት ማስገባት አለበት። ቀያሽ የሆናችሁ ልጆች፣ የመጨረሻዋን ሳምንት ቁፋሮ ሳትሥሉ አትፈርሙ። ከ40 ዓመት በኋላ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የሚቆፍር ሰው ይኖራል።