የአሳማ ኩላሊት ሰውን ያረክሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። የሚሰጣቸው ዘመድ አልተገኘም። የአሳማ ኩላሊት ለሰው መተከል ጀመረ ሲባል ሰምተው «እግዚአብሔር ኩላሊትን ይፈትናል ይል የለ? ርኩስ እንስሳ በሆዴ ይዤ እንዴት ፊቱ እቆማለሁ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ይህ ቃሉን ከሚያከብር ሰው የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ኤርምያስ 17፥10 «ልብን እመረምራለሁ ኵላሊትንም እፈትናለሁ» ካለ በኋላ «ለሰው ሁሉ እንደ መንገዱና እንደ ሥራው» ይላል። የሚፈተነው የውስጥ ሐሳባችን ነው። እስቲ ይህን ጠይቂልኝ፦ የአባትሽ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም እግዚአብሔር የሚመረምረው አጣ? አላጣም። የተተከለውም ቢሆን ደም ያጣራል እንጂ ሐሳባቸውን አይለውጥም።

ዘሌዋውያን 11 ስለ እርያ የሚናገረው ሥጋውን ስለ መብላትና በድኑን ስለ መንካት ነው። ጌታ ደግሞ በማርቆስ 7 ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ክፋት መሆኑን ነግሮናል። ከአሳማ የተሠራ የልብ ቫልቭ ለሕሙማን ሲገጠም አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እነርሱን ረከሱ ለማለት አልደፍርም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ አባትሽ ያልደረሰ ነገር ደርሷል ብለው እንዳይጠብቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የአሳማ ልብ የተተከለለት ሰው ሁለት ወር ያህል ኖሮ አረፈ፤ በልቡ ውስጥ የአሳማ ቫይረስ ተገኝቷል። በ2024 ዘረመሉ 69 ቦታ ላይ የተስተካከለ የአሳማ ኩላሊት የተተከለለትም ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሞቹ በኩላሊቱ ሳቢያ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አላገኘንም ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሰዎች ከተተከሉት የአሳማ ኩላሊቶች አንዱ 130 ቀን፣ ሌላው 271 ቀን ሠርቶ ሁለቱም ከሰውነታቸው ተወግደዋል። ሰውነታችን ባዕድ ያለውን አጥብቆ ይዋጋል። ያን ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ሰውየውን ለሌላ በሽታ ያጋልጠዋል።

እንዲያም ሆኖ 271 ቀን ያለ እጥበት መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ የሚደክሙትን እግዚአብሔር ያበርታቸው።

አንድ ቀን ዕድሉ ቢመጣላቸው አደጋው በግልጽ ይነገራቸው፤ ውሳኔውም የራሳቸው ይሁን። እናንተ ልጆች አትጫኗቸው። ቢቀበሉ ኃጢአት አይደለም፤ እምቢ ቢሉም እምነት ጎደላቸው አይባልም።

ለጊዜው እጥበቱን አንድም ቀን እንዳያስተጓጉሉ። የክርስትና ስማቸውን ላኪልኝ፣ በጸሎት አስባቸዋለሁ።