ከተማ ስለ ሩቅ ጦርነት ምን አገባው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የአሜሪካ ከተሞች ምክር ቤቶች «ጦርነቱ ይቁም» እያሉ ስለሚያሳልፉት ውሳኔ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አላሳፈራችሁኝም፤ ጥያቄው ጎርፏል። እነዚህን ስብሰባዎች ለዓመታት ተከታትያለሁ። አንዳንዴም ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እኩለ ሌሊት አልፎብኛል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የቺካጎው ነገር ምን ነበር? በአጭሩ ቢያስረዱን።

እስቲ ከእሱ እንጀምር። ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 የቺካጎ ምክር ቤት በጋዛ ተኩስ እንዲቆም በሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። 23 አባላት ደገፉ፣ 23 ተቃወሙ። እኩል ለእኩል ሲሆን የሚለየው ከንቲባው ነው። ብራንደን ጆንሰን ደገፉና 24 ለ 23 አለፈ። ጽሑፉ የጠየቀው ተኩስ አቁም ብቻ አልነበረም። እርዳታ ይግባ፣ ታጋቾች ይለቀቁ ይላል። በዋዜማው የከተማዋ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ሄደዋል። በዕለቱ ደግሞ አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ ከንቲባው ታዳሚው እንዲወጣ አዘዙ።

ቺካጎ ግን የመጀመሪያዋ አይደለችም። የካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ በኦክቶበር 2023፣ ጦርነቱ ወር ሳይሞላው ድምፅ ሰጥታ ነበር። ኦክላንድ በኖቬምበር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ተከተሉ።

ይቅርታ፣ አንድ የከተማ ምክር ቤት በውጭ ጉዳይ ምን ሥልጣን አለው? ይሄ ነገር ሕግ ነው?

ሕግ አይደለም። ምክር ቤቶች ሁለት ዓይነት ነገር ያወጣሉ። አንዱ ደንብ ነው፤ ያስገድዳል፣ ያስቀጣል። ሌላው የአቋም መግለጫ ነው፤ «የዚህ ከተማ ምክር ቤት እንዲህ ያምናል» ብሎ ለዋሽንግተን ይላካል። የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ማንንም አያስገድድም።

ድንበሩን ለማየት የማሳቹሴትስን ታሪክ እዩ። ግዛቲቱ በ1996 በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ውስጥ ከሚሠሩ ኩባንያዎች ጋር የመንግሥት ግዢን የሚገድብ ሕግ አወጣች። በ2000 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሻረው። ኮንግረስ ራሱ በበርማ ላይ ሕግ አውጥቶ ስለነበር የግዛቲቱ ሕግ ከዚያ ጋር ይጋጫል ነው የተባለው። እንግዲህ ከተማ ሐሳቡን መናገር ይችላል። የራሱን ማዕቀብ ልጣል ሲል ግን ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል።

ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የኮንግረስ ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ በይፋ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጦርነት እንደነበረ ታውቁታላችሁ። ሰው ድምፁን የሚያሰማበት ሌላ በር የሚፈልገው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

ታዲያ ማንንም ካላስገደደ ከንቱ ድካም አይደለም? በግልጽ ንገሩን።

ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ይሄ ነው።

መጀመሪያ መራራውን ልናገር። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል ከ100 በላይ የአሜሪካ ከተሞችና አውራጃዎች ተቃውሟቸውን በውሳኔ ገልጸዋል። ቺካጎ 46 ለ 1 ነበር ያሳለፈችው። ኒው ዮርክ፣ ያውም ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ገና ያላገገመችው ኒው ዮርክ፣ ማርች 12 ቀን 31 ለ 17 ድምፅ ሰጠች። በሳምንቱ ቦምብ ባግዳድ ላይ ወደቀ። ውሳኔዎቹ ጦርነቱን አላስቆሙም፤ አንድ ቀን እንኳ አላዘገዩትም።

ሌላውን ገጽ ደግሞ እዩ። በ1966 ሚሺጋን ውስጥ ዲርቦርን የምትባል ከተማ ስለ ቬትናም ጦርነት ሕዝቧን በድምፅ ጠየቀች። ወታደሮቹ ይውጡ ያለው ከ100 ሰው 41 ያህሉ ነበር። ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ሞከረች፤ እዚያም ተሸነፉ። ግን አስቡት፤ በ1966 ጦርነቱን መቃወም እንደ ክህደት የሚቆጠርበት አገር ነው። በዚያ ጊዜ ከአሥር ጎረቤትህ አራቱ እንዳንተ እንደሚያስቡ በቁጥር ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ያለው ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያወቀው በዚያ ነው።

የደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። በርክሌይ በ1979 የከተማዋ ገንዘብ ከአፓርታይድ ጋር ከሚነግዱ ተቋማት እንዲወጣ በሕዝብ ድምፅ ወሰነች። ሌሎች ከተሞችና ግዛቶች እየተከተሉ መጡ። በ1986 ኮንግረስ የማዕቀብ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ሬገን ውድቅ አደረጉት፤ ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መልሶ አጸደቀው። ያን ያመጣው የከተሞቹ ውሳኔ ብቻ ነው አልልም። የደቡብ አፍሪካውያን ደም አለበት፣ የተማሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የአብያተ ክርስቲያናት ትግል አለበት። ነገር ግን የኮንግረስ አባል ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመለስ የራሱ ከተማ አቋም እንደያዘ ያያል። ያን ማየቱ ይከብደዋል።

ስለዚህ ከንቱ አይደለም እላለሁ። ውሳኔው ጦርነት አያቆምም፤ ጦርነቱን በስማችን አታድርጉት ይላል። ይህን የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ማነው የሚጀምረው? የምክር ቤት አባላቱ ራሳቸው ናቸው?

ብዙውን ጊዜ ነዋሪው ነው። ፊርማ ይሰበሰባል፣ ስልክ ይደወላል፣ በየስብሰባው የሕዝብ አስተያየት ሰዓት ሰው ይሰለፋል። ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰው ሲበዛ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ አንድ አባል ሐሳቡን በስሙ ያቀርባል። ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ ይሻሻላል፣ ወይም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

የማልረሳው አንድ ምሽት አለ። አንዲት እናት ተነሥታ ጋዛ ውስጥ የሞቱባትን ዘመዶቿን ስም ማንበብ ጀመረች። ደቂቃዋ አለቀና ማይኩ ተዘጋ። ወረቀቱ ግን ገና ግማሽ አልደረሰም። ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረ ወጣት ወረቀቱን ተቀብሎ በራሱ ደቂቃ ቀጠለላት። የእሱም አለቀ፤ ሌላዋ ተቀበለች። በዚያ ምሽት ምክር ቤቱ ምንም አልወሰነም። እኔ ግን ያ አዳራሽ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ይጠግኑ፣ ቆሻሻውን ያንሡ። ስለ ዓለም ማን ጠየቃቸው?

ቅሬታውን አልንቀውም። ስምንት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ አይቻለሁ፤ የቤት ኪራይ ጉዳይ ይዘው የመጡ ሰዎች ተራ ሳይደርሳቸው ተመልሰዋል። ይሄ ያሳዝናል። ጥሩ ሊቀመንበር የከተማውን ሥራ አስቀድሞ ይህን ማታ ያደርገዋል።

ግን መንገዱና ጦርነቱ የተለያዩ አይደሉም። በጁን 2011 የአሜሪካ ከንቲባዎች ጉባኤ ባልቲሞር ላይ ተሰብስቦ የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ጦርነት በቶሎ ያብቃ፣ ገንዘቡም ወደ አገር ቤት ይመለስ ብሎ ወስኗል። ከቬትናም ወዲህ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ምክንያታቸው ቀጥተኛ ነው፤ የከተማው ሰው የከፈለው የፌዴራል ግብር ወደ ጦርነት ሲሄድ ለድልድይና ለትምህርት ቤት የሚመጣው ይቀንሳል።

ከንቲባው ባይስማማስ?

እንደየከተማው ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከንቲባ ጄከብ ፍሬይ ምክር ቤቱ ያሳለፈውን የጋዛ ተኩስ አቁም ውሳኔ ውድቅ አድርገውት፣ አባላቱ በፌብሩዋሪ 2024 በ9 ለ 3 ድምፅ መልሰው አጸደቁት። በወቅቱ የሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባ የነበሩት ለንደን ብሪድ ደግሞ የከተማቸውን ውሳኔ ነቀፉት እንጂ አልከለከሉትም፤ ሳይፈርሙበት ጸና።

እኔ የምኖረው አይሁድም አረብም ጎረቤቶች ባሉበት ሰፈር ነው። ይሄ ነገር እርስ በርስ አጋጨን። ዋጋው አይበዛም ትላላችሁ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከብዶኛል። ቀላል መልስ የለኝም።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 እስራኤል ውስጥ 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፣ 250 ያህሉ ታግቶ ተወሰደ። ቺካጎ ድምፅ በሰጠችበት ሳምንት የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የሟቾችን ቁጥር ከ26,000 በላይ አድርሶት ነበር። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ልጁን፣ ወንድሙን የቀበረ ሰው ተቀምጧል። አጠገብህ ያለው ሲያጨበጭብ አንተ ታለቅሳለህ።

ስለዚህ ቃላቱ ወሳኝ ናቸው። ኦክላንድ ላይ የውሳኔ ሐሳቡ ራሱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ከዚያ በፊት ግን ሐማስን የሚያወግዝ ሐረግ ይጨመር የሚል ማሻሻያ ቀርቦ ወድቋል። ብዙ አይሁድ ነዋሪዎችን ያቆሰለው ይኸው ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ጽሑፍ በአንጻሩ የሐማስን ጥቃት አውግዟል፣ ታጋቾችም እንዲለቀቁ ጠይቋል፤ 8 ለ 3 አለፈ። እዚያም የተከፋ አልጠፋም። በእኔ እምነት የአንዱን ወገን ሙታን ብቻ የሚቆጥር ጽሑፍ ሰላምን ይጎዳል፤ ይህን የምለው ተኩሱ ይቁም የሚሉትን እየደገፍሁ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በእንዲህ ዓይነት ነገር ሁሌ ቀዳሚ የነበረችው በርክሌይ በዚህኛው ወደኋላ ብላለች። የወቅቱ ከንቲባ ከተማዋን ይከፋፍላል ብለው አልደገፉትም። ባልስማማም ስጋታቸው ይገባኛል።

ከአሜሪካ ውጭ አለ?

ሞልቷል። የእንግሊዟ ማንቸስተር በ1980 ራሷን ከኒውክሌር ነጻ ብላ አውጃለች። የሂሮሺማ ከንቲባ በ1982 የጀመሩት የሰላም ከንቲባዎች ማኅበር ዛሬ ከ8,000 በላይ ከተሞችን ይዟል።

አሜሪካ ነው የምኖረው። በከተማዬ ይህን ማንሣት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከአጀንዳው ጀምር። ካሊፎርኒያ ከሆንክ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት፤ ሕጉ ነው። ጉዳዩ አጀንዳው ላይ ባይኖርም አጀንዳ ላይ ስላልሰፈሩ ጉዳዮች የሚነገርበት ሰዓት አለ። የምትናገረውን ጻፈው፣ ጮክ ብለህ አንብበው፣ ሰዓት ያዝ። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ቁረጠው።

ከዚያ በፊት ግን የወረዳህን ተወካይ ብቻውን አግኘው። ጭብጨባ በሌለበት ቢሮ ውስጥ ሰው በተሻለ ይሰማል። ረቂቅ ካለህ ደግሞ፣ ይቃወመኛል ብለህ ለምታስበው ጎረቤት መጀመሪያ አሳየው። የሚያሰምርበትን መስመር ልብ ብለህ እይ።