ግሉተንና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች፦ የጎንደር ወላጆች ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

አስተባባሪ፦ ዛሬ ማታ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሲስተር ከእኛ ጋር ናቸው። ርዕሱ በየቤቱ የምንከራከርበት ነው። ግሉተን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ሊጡን የሚያለጥጠው ፕሮቲን፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ይቅር ወይስ አይቅር? ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜና የሚበላውን አብራችሁ ጻፉ።

ሲስተር፦ አስቀድሜ ሁለት ነገር፤ ማታውን ሙሉ ስደግመው ታገኙኛላችሁ። ሳታስመረምሩ ስንዴ አታስቁሙ። ስንዴና ወተት ባንድ ቀን አታስቁሙ። በሉ ቀጥሉ።

የማራኪ እናት፦ እንደምን አመሹ ሲስተር። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ አፉን አልፈታም። ዳቦና ማካሮኒ ባስቆመው መናገር ይጀምራል?

ሲስተር፦ እግዜር ይመስገን። በዚህ ምክንያት አይጀምርም። ሐሳቡ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ግሉተንና የወተቱ ፕሮቲን ካዚን በደንብ ሳይፈጩ ሲቀሩ ሞርፊን መሰል ቁርጥራጭ ይሆናሉ፣ ከአንጀት ሾልከው አንጎል ይደርሳሉ ተባለ። ሲሰሙት ያሳምናል። በ2008 በታተመ ጥናት ግን ቁርጥራጩ በሽንት ሲፈለግ፣ ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ልጆች መካከል ልዩነት አልተገኘም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 14 ልጆች ሁለቱንም እንዲተዉ ተደረገና፣ ወላጅም ተመራማሪም ሳያውቅ አንዴ ግሉተን ያለበት፣ አንዴ ካዚን ያለበት፣ አንዴ ሁለቱም ያሉበት፣ አንዴ ሁለቱም የሌሉበት ምግብ ተሰጣቸው። ጠባያቸውም እንቅልፋቸውም ሰገራቸውም አልተለወጠም። 14 ልጅ ጥቂት ነው፤ ግን ተቃራኒውን በዚህ ጥንቃቄ ያሳየ ሰው የለም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2013 ለኦቲዝም ዋና ምልክቶች ተብሎ ምግብ እንዳይከለከል በግልጽ ጽፏል።

አዘዞ፦ ታዲያ አስቁመን ተሻለው የሚሉት ሁሉ ዋሽተው ነው?

ሲስተር፦ አልዋሹም። ብስኩትና ማካሮኒ ብቻ ይበላ የነበረ ልጅ እነሱ ሲቀሩበት ሽሮም፣ ድንችም፣ እንቁላልም መቅመስ ይጀምራል። ሰገራው ይለሰልሳል። የማይናገር ልጅ ሆዴን አመመኝ አይልም፤ በሆዱ ወንበር ላይ ይደፋል፣ ሌሊት ተነሥቶ ይጮኻል፣ ራሱን ይመታል። ድርቀቱ ሲለቀው ጩኸቱ ይቀንሳል። ቤተሰብ ግን የሚያመሰግነው የዳቦውን መቅረት ነው። ድርቀቱን ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አሳክሙ፤ ለዚያ ስንዴ ማስቆም አያስፈልግም።

ፒያሳ፦ ምርመራ የሚሉት ምንድን ነው? ደም ነው ሰገራ?

ሲስተር፦ ተገቢ ጥያቄ። ሁለቱም፣ ግን ለተለያየ ነገር። ሆዱ የሚነፋ፣ የሚያስቀምጠው፣ ክብደቱ የቆመ ልጅ ሰገራው ይታይ። ጃርዲያ ልክ እንደ ግሉተን ችግር ሊመስል ይችላል፣ መድኃኒትም አለው። ደሙ የሚታየው ለሲሊያክ ነው። ሲሊያክ ግሉተን የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚያስቆጣበት በሽታ ነው፤ ኦቲዝም ያለበትም የሌለበትም ልጅ ሊይዘው ይችላል። የሚጠየቀው ምርመራ ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፣ አብሮ ጠቅላላ አይጂኤ፣ ማለትም በደሙ ያለው የዚህ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በሙሉ፣ ይለካ። አይጂኤው ከተፈጥሮው ዝቅተኛ የሆነ ልጅ ሲሊያክ ኖሮበትም «ነጻ ነው» ሊባል ይችላልና። እዚህ የማይሠራ ከሆነ ናሙናው ወደ የት እንደሚላክ ሐኪሙን ጠይቁ።

አሁን ቁም ነገሩ። ምርመራው የሚያየው ሰውነቱ ለግሉተን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ልጁ ስንዴ ካቆመ ያ ነገር ከደሙ እየጠፋ ይሄዳል፤ ወረቀቱ «የለበትም» ይላል፣ በሽታው ግን አለ። ያኔ ልጁን እንደገና ቢያንስ 6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ስንዴ እያበሉ መመርመር ይመጣል። ዳቦ ማስቆም ያደከመው ቤተሰብ ተመልሶ ዳቦ ሲያበላ አስቡት። ለዚህ ነው ሳታስመረምሩ አታስቁሙ የምለው።

ሰላም ነኝ፦ ሲስተር ልጄን ምን ላብላው?

ሲስተር፦ ዕድሜ? አሁን የሚበላው? ተመርምሯል? እነዚህን ጽፈሽ ተመለሽ።

ወገራ፦ እኛ እንጀራ ነው የምንበላው። እንጀራ ግሉተን የለውም አይደል፣ ምን ያስጨንቃል?

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የምናገረው ሲሊያክ ስላለበት ልጅ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። እንጀራ ግን ሁልጊዜ ጤፍ አይደለም። እዚህ አገር በጤፍ ላይ ገብስ ይጨመራል፣ ዳጉሳ ይጨመራል፣ ዘንጋዳ ይጨመራል፣ ከፎገራ በኩል ሩዝ ይመጣል። ዳጉሳው፣ ዘንጋዳው፣ ሩዙ ችግር የለባቸውም፤ ገብሱ ነው ችግሩ። ከሱቅ በሚገዛ እንጀራ ደግሞ እንዲለሰልስና እንዲነጣ ፉርኖ ዱቄት የሚጨምር አለ። «ንጹሕ ጤፍ ነው» ብትባሉ አትመኑ፣ ራሳችሁ አቡኩ።

ሁሉም የሚረሳው እርሾው ነው። ዱቄቱን ለይታችሁ ከጎረቤት እርሾ ከተዋሳችሁ፣ የጎረቤቱ ሊጥ ገብስ ከነበረበት ገብሱ አብሮ መጣ። ቡሃቃውም እንደዚያው፣ ግድግዳው ላይ የደረቀው አሮጌ ሊጥ በየሳምንቱ ወደ አዲሱ ይገባል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ያዙ፣ አዲስ እርሾ ጣሉ። 1 ብርጭቆ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ተኩል ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ሸፍናችሁ አስቀምጡ። በበጋ በ3 ቀን፣ በክረምት ብርድ በ4 ቀን ይነሣል፤ አረፋ ያወጣል፣ ቢጫ ውሃ ከላይ ይጠልላል። ውሃውን ደፍታችሁ ግማሽ ብርጭቆ ዱቄትና ውሃ ጨምሩለት፣ በማግስቱ ደርሷል። ሮዝ ቀለም ወይም ጸጉር መሳይ ሻጋታ ካወጣ ድፉት፣ አታድኑት።

ከዚያ ወዲያ እንደምታውቁት ነው፤ ብቻ አብሲቱን አትሰስቱ። ገብስ የለመደ እጅ ንጹሕ ጤፍ ሲጋግር እንጀራው ይሰነጠቅበታል፣ «ጤፍ ብቻውን አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ሊጡ 2 ቀን ካደረ በኋላ 1 ኩባያ ቀንሳችሁ በ3 ኩባያ የፈላ ውሃ እስኪወፍር አማስሉ፣ ለብ ሲል መልሱት፣ እስኪነሣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጠብቁ። ከተሰነጠቀ ወይ አብሲቱ አንሷል፣ ወይ ምጣዱ ከሚገባው በላይ ግሏል። የዳቦው ምጣድ ማሰሻ ጨርቅም ለዚህኛው አይሁን።

ፒያሳ፦ እርሾው ሲያቦካው ግሉተኑን አይበላውም እንዴ?

ሲስተር፦ የተወሰነውን ይሰብራል፣ አይጨርሰውም። ዓለም አቀፉ ወሰን በ1 ኪሎ ምግብ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። ገብስ የገባበት ሊጥ በማቡካት ብቻ እዚያ አይደርስም።

ባለወፍጮ፦ ሲስተር ወፍጮውን ረሱት። ድንጋዩ ላይ ከፊተኛው ሰው የቀረ አለ። በሶ ከተፈጨ በኋላ የገባ ጤፍ የመጀመሪያው 2 እና 3 ኪሎ ድብልቅ ነው። ወይ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ድንጋይ ያለው ቤት ሂዱ፣ ወይ በጠዋት ድንጋዩ ተጠርጎ መጀመሪያ ግቡ፣ ያም ካልሆነ 3 ኪሎ ማሽላ ቀድማችሁ አስፈጭታችሁ ለሌላው ቤተሰብ አውሉት። ሽሮውም እንደዚሁ ነው።

ሲስተር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጤፉ ሳይፈጭ ይነፋ፤ የገብስና የስንዴ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ ከወንፊቱ በላይ ይቀራል፣ በእጅ ይለቀማል።

ወገራ፦ ይቅርታ፣ የጎንደር ሰው በገብስ ነው ያደገው። በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ ለአራስ ሳይቀር። አሁን ገብስ መርዝ ሆነ?

ደምቢያ፦ መርዝ ያለ የለም። ግን ጤፍና ሽምብራ እያለ ገብስ ምን ያደርጋል።

ወገራ፦ ጤፉን ማን ይችለዋል? ዋጋውን አይተሃል?

ደምቢያ፦ ዳጉሳ ቀላቅል። ወንድም ዓለም እኛ ስንት ዘመን...

ባለወፍጮ፦ ዳጉሳ የበዛበት እንጀራ በማግስቱ ይደርቃል። ከ4 እጅ 1 እጅ ይበቃዋል።

አስተባባሪ፦ የእህል ገበያውን ለቅዳሜ ገበያ እንተውና ወደ ልጆቹ እንመለስ።

ሲስተር፦ ወገራ ግን ያነሣው ልክ ነው። ገብስ ለጤነኛ ልጅ ጥሩ ምግብ ነው። ስለ እርሾና ስለ ወፍጮ ያልኩት ጥንቃቄ ሁሉ ሲሊያክ በምርመራ ለተረጋገጠበት ልጅ ነው፤ ለሌላው ልጅ ይህን ያህል መልፋት ገንዘብም ጉልበትም ማባከን ነው።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦ አጃስ? በፓኬት የሚሸጠው «ለልጅ ጥሩ ነው» ይባላል።

ሲስተር፦ ለሲሊያክ ልጅ ትልቁ ወጥመድ ይኸ ነው። በአማርኛ አጃ የምንለው ሁለት እህል ነው። አንዱ ተጨፍልቆ በፓኬት የሚመጣው ነው፤ እሱ ራሱ ስንዴ አይደለም፣ ግን በእርሻውም በፋብሪካውም ከስንዴ ጋር ስለሚደባለቅ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ካልተጻፈበት አይሰጥ። ሁለተኛው ገለባው ከፍሬው የማይላቀቀው፣ ለገንፎና ለቂንጬ የሚሆነው የአገራችን አጃ ነው። እሱ የስንዴ ዘር ነው። ነጋዴውን «አጃ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አዎ ይላችኋል፣ አልዋሸም። ለአጥሚትና ለገንፎ የባሕር ማሽላ፣ ዳጉሳ ወይም ጤፍ ይሁን። ተደባልቆ የሚሸጥ የሕፃናት ዱቄት ላይ የእህሎቹን ስም አንብቡ፤ ስንዴ ወይም ገብስ ሊኖርበት ይችላል።

ሌላ ወላጅ፦ ሲስተር ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ስንዴ ባስቆመው ይሻለዋል?

ሲስተር፦ ወደ ላይ አንብብ ወንድሜ። የማራኪ እናት ጠይቃዋለች።

የማራኪ እናት፦ በዐቢይ ጾም ወተቱንም እናስቁመው ብለን ነበር። ቤቱ 55 ቀን ይጾማል፣ እግረ መንገዱን ይሞከር ብለን።

ሲስተር፦ አይሆንም። የ4 ዓመት ልጅ አይጾምም፣ ቤተ ክርስቲያንም አታስገድደውም። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም እንዲያገኝ ይመከራል፤ 1 ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጠዋል። ወተቱን አንሥታችሁ ያንን በጎመንና በጤፍ ልሙላ ብትሉ፣ ምግብ የሚመርጥ ልጅ ጎመኑን አይነካም። በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ወንዶች ልጆች መካከል ወተት የተከለከሉት የእጅ አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ ተገኝቷል። ደግሞም ጾም ሲገባ በቤቱ ሌላውም ምግብ ይለወጣል፤ ልጁ ቢለወጥ በምኑ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?

አዘዞ፦ ምርመራው ነጻ ነው ተባልን፣ ግን ባለቤቴ ካልሞከርን አለች። እንዴት ይሞከር?

ሲስተር፦ ክብደቱ ጥሩ ከሆነና የሚበላው የምግብ ዓይነት ከ10 በላይ ከሆነ ሞክሩ። ሳትጀምሩ 2 ሳምንት ጻፉ፤ 3 ነገር ብቻ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ሰገራ በስንት ቀኑ እንደወጣ፣ በቀን ስንቴ እንደጮኸ። «ተረጋጋ» የሚል ቃል አይጻፍ፣ ቁጥር ይጻፍ። ከዚያ 8 ሳምንት ግሉተን ብቻ ይቅር። በመሐሉ አዲስ መድኃኒት አይጀመር፣ ትምህርት ቤት አይለወጥ። ለመምህሩ አትንገሩ፤ ለውጡን ሳያውቅ ካየው የእሱ ቃል ከእናንተ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ስንዴውን መልሱና እንደገና 2 ሳምንት ጻፉ። ይህን መመለስ ሁሉም ይፈራዋል፤ ሳይመለስ ግን ሙከራ አይባልም። ክብደቱ ከቀነሰ በዚያው ቀን አቁሙ።

ፒያሳ፦ ቁርባንስ?

ሲስተር፦ ሲሊያክ ከሌለበት የሚያሳስብ ነገር የለም። ካለበት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦ አንጀት የሚያጸዳ ዱቄት የሚሸጥ ሰው አለ፣ ኦቲዝምን...

ሲስተር፦ አትግዙ።

ሰላም ነኝ፦ ተመለስሁ ሲስተር። 5 ዓመቱ ነው። ማካሮኒ ያለ ስጎ፣ ብስኩት፣ የድንች ጥብስ፣ ወተት። እንጀራ ከነካ ያስመልሰዋል። ምርመራ አልተደረገለትም።

ሲስተር፦ እንዲህ ይጻፍ እንጂ። ከ4 ምግቡ ሁለቱ ስንዴ ነው። እነሱን ብታስቆሚው ድንችና ወተት ብቻ ይቀረዋል፤ «ሲርበው ይበላል» የሚለው ለዚህ ዓይነት ልጅ አይሠራም፣ አንዳንዱ እስኪታመም አይበላም። ስለዚህ ምንም አትቀንሺ፣ ጨምሪ። ደሙ ለሲሊያክና ለደም ማነስ ይታይ።

እንጀራው ላይ ኮምጣጣው ነው ወይስ ዓይኑ የሚከለክለው? ኮምጣጣው ከሆነ 1 ቀን ብቻ ያደረ አፍለኛ ሞክሪለት። ዓይኑ ከሆነ ልሙጥ ቂጣ ጋግሪ። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊ፤ ግሉተን በሌለበት ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። 1 ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ ጨው፣ ውሃ እያደረግሽ እንደ ወፍራም አጥሚት በጥብጪ። አታሽው፤ ግሉተን የሌለው ሊጥ ቢታሽ አይጠነክርም። በብስኩቱ ልክ ትንንሽ አድርገሽ ክዳን ገጥመሽ በመካከለኛ እሳት አብስይ፣ ሳይበርድ አታንሺው፣ ይፈርሳል። መጀመሪያ ሳህኑ ዳር ይቀመጥ፣ ብላ አይባል። 10 ጊዜም 15 ጊዜም ሳይነካው ሊቀር ይችላል።

ሰላም ነኝ፦ ማካሮኒውን በሩዝ ማካሮኒ ልተካው አስቤ ነበር።

ሲስተር፦ ምርመራው ሳይመጣ አትተኪ። የሚበላው ቀጥ ያለው ነው ወይስ ጥምዙ?

ሰላም ነኝ፦ ጥምዙ ብቻ። ቀጥ ያለውን ይወረውረዋል።

ሲስተር፦ እንግዲያው ውጤቱ መጥቶ መተካት ካስፈለገ ጥምዝ ፈልጊ። ከ10 ፍሬ 1 ብቻ ቀላቅለሽ ጀምሪ፣ ካልወረወረው በሳምንቱ 2 አድርጊ።